ዝናብ ያጠበው ገጽ

ከመንዝ፣ ከሞላሌ ስለወጣሁበት ንጋት ስጽፍላችሁ፣ ችግር አሰደደው እንድትሉ አልፈልግም። ያሰደደኝ ቅናት ነው። ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ የሸኘኝ ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ነበር፤ ሲስመኝ ጉንጬን ሰጠሁት እንጂ ልቤን አልሰጠሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን የአጥቢያው መሪጌታ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያናችን የድርሳን ብራና አንዱ ገጹ ጣሪያው ባፈሰሰበት ክረምት ታጥቦ፣ ፊደሉ ከብራናው መልክ አይለይም ነበር። አባባ ዓይናቸው ሲደክም መጽሐፉን የማንበቡን ኃላፊነት ከሁለታችን ለአንዳችን ሊሰጡ አሰቡና በንግሥ ዕለት በሕዝብ ፊት ያንኑ ገጽ አስነበቡን። እኔ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ተንተባተብኩ። ደምሴ ግን እንደ ውኃ አንበለበለው። ንባቡ ለእሱ ሆነ። በዓይኑ ቀናሁ፤ የማየው ሁሉ ነገር አስጠላኝ።

ካርቱምን፣ ትሪፖሊን፣ ባሕሩን ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያላለፋችሁ ባትሰሙት ይሻላል። ሆላንድ ገባሁ። ሰማዩ የመንዝ ሐምሌ ነው፤ የእኛ ጉም ግን ረፋድ ላይ ይገፈፋል፣ የእነሱ ይከርማል። አከራዬ አሮጊት ናት። “ምን አቃጠልክ?” ትለኛለች። “ሽሮ ነው፣ አልተቃጠለም።” “መስኮቱን ክፈት!” እከፍታለሁ። በማግስቱ “ጎረቤት ሸተተው፣ ዝጋ!” ትላለች።

አንድ ቀን ቋንቋ የምማርበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ዓይንና አንጎልን ለሚለኩ ተመራማሪዎች በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል ይላል። “ዓይን” የሚለውን ሳነብ ደምሴ ትዝ አለኝና ሄድኩ።

ማሪካ የምትባል ተመራማሪ ሽቦ የበዛበት ቆብ አጠለቀችልኝ። “የሚያየው ዓይን ብቻ አይደለም፤ እዚህ ከኋላ ያለው የአንጎልህ ክፍል ነው” ብላ ከማጅራቴ ከፍ ያለውን ስፍራ ነካችው። አባባ ያንን ስፍራ የሚያውቁት በኩርኩም ነበር። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ይመጣሉ፤ አንዴ ደማቅ፣ አንዴ ከግራጫው መደብ ለመለየት የሚያስቸግሩ። ልዩነቱን ኮንትራስት ይሉታል። ሲታየኝ ቁልፍ እጫናለሁ። ደብዛዛው ሲመጣ ስክሪኑ ብራናውን መሰለኝ፤ እልህ ይዞኝ አፈጠጥኩ።

ሲያበቃ ውጤቱን በሥዕል አሳየችኝ። የመስመሮቹ ድምቀት ሲጨምር የአንጎሌ ምላሽ እንደ ዳገት ይወጣል፤ ኋላ ሜዳ ይሆንና ቢደምቅም አይጨምርም።

“እዚህ ጋ፣ በጣም ደብዛዛውንም አንጎልህ ተቀብሎታል” አለችኝ።

“ስንተኛ ወጣሁ?”

“ደረጃ አናወጣም።”

“እሺ፣ ከስንት ሰው እበልጣለሁ?”

“የምንለካው አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ነው እንጂ ማን እንደሚበልጥ አይደለም።”

“ደረጃ ከሌለው ታዲያ ምን ለካችሁ?”

ሳቀች። ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ አይብ ሰጥታ አሰናበተችኝ፤ በሶ አማረኝ።

የዚያኑ ዕለት ደወልኩ። ደምሴ አሁን ቄስ ነው። ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ስለሆነ፣ ነፋሱ ከእሱ እኩል ያወራል።

“መሣሪያ መሰከረልኝ፤ ደብዛዛ ነገር አያመልጠኝም” አልኩት።

“እሱንማ አውቃለሁ፣ ጋሼ።”

“እንዴት አወቅህ?”

“የዚያን ዕለት እኔ አንድም ፊደል አልታየኝም። አባባ በየወሩ ሲያነቡት በቃሌ ይዤው ነበር፤ ገጹን ገልጬ ከሆዴ ነው ያወጣሁት።”

“አባባ ያውቁ ነበር?”

“ኋላ ነገርኳቸው። ‘ቀለሙ መልቀቁ አይቀርም፤ ቃሉን የያዘ ይኑር’ አሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።”

ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ባሰብኝ። በዓይኑ ስቀና ኖሬ አሁን በጆሮው ቀናሁ፤ እኔም እኮ ያንኑ ድርሳን በየወሩ አጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ።

“ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለኝ። “መካከሉ ላይ የምዘለው ነገር ያለ ይመስለኛል። ቀለሙ አሁን ጭራሽ ጠፍቷል። ያን ገጽ በዓይኑ ያነበበ ከአንተ በቀር በሕይወት ያለ የለም። የተንተባተብክበት ቦታ ምን ይል ነበር?”

ዓይኔን ጨፈንኩ። ብራናው ታየኝ፤ ፊደሉን የምትከተለው ጣቴም ታየችኝ። ፊደሉ ግን አልመጣም። ያን ገጽ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣልኝ የደምሴ ድምፅ ብቻ ነው።

“ጋሼ፣ አለህ?”

“አለሁ” አልኩት። “ቆይ፣ እየታየኝ ነው።”