ውጭ የሚያድረው ጠመንጃ

በሩቁ ሰሜን፣ ከሌና ወንዝ ማዶ እማማ ባልባራን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ እሳቸው ቤት ጠመንጃ ከሰው ጋር አያድርም። ምራቅ መሬት ሳይነካ በረዶ በሚሆንበት ብርድ፣ የአደን ጠመንጃቸው የሚሰቀለው በውጭው ግድግዳ ላይ ነው። ምድጃ አጠገብ ከሞቀ ያልበዋል፤ ሲወጣ ላቡ በረዶ ይሆንና ጥይቱን የምትመታዋን መርፌ ጨምድዶ ይይዛታል። ዘይትማ የባሰ ነው፣ እንደ ሞራ ይረጋል። በቤንዚን አጥቦ ደረቁን መስቀል ነው፣ አለቀ!

ምራታቸው ሳርጊላና ግን ከከተማ ተድራ በመጣች ሰሞን ይህን ከየት ትወቀው? አማቴን ደስ ላሰኝ ብላ ጠመንጃውን አስገብታ በስፌት መኪና ዘይት ወልውላ ጠበቀቻቸው። ወይ ጉድ! እማማ ባልባራ የጮኹት ጩኸት ፈረሶቹን አስበርግጓል። የዘይቱን ጠርሙስ ነጥቀው ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት፤ ቁልፉንም አንገታቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ ወዲህ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም።

«ዘይቷ! ሻዩ ምን ሆነ? ወተቱን እያለብሽ ነው?»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ውሾቹ አበዱ። ልጃቸው አይሰን ለፈረሶቹ ድርቆሽ ሲሰጥ ነበር።

«አያት! አያት መጡ!» ብሎ ጮኸ፤ በእነሱ ዘንድ ድብ በስሙ አይጠራም፣ «አያት» ነው የሚባለው።

በዚያ ወር ተኝቶ መክረም የነበረበት ድብ፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ጎኑ በረሃብ ተጣብቆ፣ አይሰን ፊት ቆሟል። አይሰን እጁ ላይ ያለው መንሽ ብቻ ነው። እማማ ባልባራ ጠመንጃቸውን ከግድግዳው መንጭቀው አነጣጠሩና ምላጩን ሳቡ።

ቀጭ።

እንደገና አጎረሱ፤ አሁንም ቀጭ። «ኧረ ልጄን! ኧረ ልጄን!» ድቡ በኋላ እግሩ ቆመ።

ከጀርባቸው ተኩስ ጮኸ። ድቡ ተንገዳግዶ ወደቀ። ሳርጊላና ከጎተራ ያወጣችውን የባሏን ጠመንጃ ይዛ ቆማለች። የአይሰን ካፖርት በድቡ ጥፍር ደረቱ ላይ ተቀዷል፤ ገላው ግን ደህና ነው።

እማማ ባልባራ የጠመንጃቸውን መዝጊያ ከፈቱ። ውስጡ የረጋ ዘይት ነው። ክው አሉ።

«ዘይቷ! ልጄን ልታስበይው!»

ሳርጊላና አቀረቀረች።

«እማዬ፣ ኧረ ተዪ!» አለ አይሰን። «ሁለታችንም እናቷ ጋ አድረን ጠዋት አይደል የገባነው?»

«ታዲያ ማን ቀባው? ሰይጣን?»

ሣጥኔን ሰብራለች ብለው እየተራገሙ ገቡ። ሣጥኑ ግን አልተሰበረም። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ከፈቱት። ጠርሙሱ ተጋምሷል። አጠገቡ የራሳቸው ሻሽ በዘይት ርሶ ተጨማዷል። ጣታቸውን አሸተቱ፤ ዘይት ዘይት ሸተታቸው።

«እኔ ነኝ?»

«እማማ... በረዶው ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ነው» አለች ሳርጊላና እንባዋ እየወረደ። «ያስገቡታል፣ ይቀቡታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። እርስዎ ሲተኙ እኔ በቤንዚን አጥበው ነበር። ትናንት ግን አልነበርኩም።»

«እና ስሰድብሽ ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልዎት?»

እማማ ባልባራ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፏ ላይ አኖሩት። «ሳርጊላና» አሉ። አይሰን ቀና ብሎ አያቸው። «ሳስገባው ካየሽ ጩኺብኝ። እኔ እንደጮኽኩብሽ አድርገሽ ጩኺ።»

«ኧረ እማማ፣ እኔ እንዴት...»

«ጩኺ ብያለሁ!»

የዚያኑ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ እማማ ባልባራ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው አንድ የጥንት ዜማ ያንጎራጉራሉ። ደስ ብሏቸዋል፣ እጃቸውም ሥራ ይዟል። ድንገት ጩኸት ሰሙ።

«እማማ! ጠመንጃ ውጭ ነው የሚያድረው!»

በቁጣ ዘወር አሉ። በዚህ ቤት ማን ደፍሮ ነው የሚጮህባቸው? ምራታቸው ደጃፉ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ዓይናቸውን ወደ ጭናቸው መለሱ፤ ጠመንጃው ተጋድሞበታል፣ ላብ አውጥቷል። እጃቸው አንገታቸው ላይ ቁልፉን ፈልጎ አጣው።

ድንጋጤው እንደ አዲስ ክው አደረጋቸው።

«ሳርጊላና» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «አሁንም አስገባሁት?»

«አዎ፣ እማማ» አለችና ተቀብላቸው ይዛው ወጣች።