የቦራ ቃጭል

የወተት ማሰባሰቢያ ጣቢያው በር ላይ የሚሰለፉት ገበሬዎች ለመንግሥት ተቆጣጣሪዋ ያወጡላት ስም «ክልክል» ነው። በከንቱ አላወጡትም። ክዳኑ የላላ ዕቃ ለያዘ፣ ክልክል። ወተቱን የዘይት ጄሪካን ውስጥ ገልብጦ ለመጣ፣ ክልክል። «ዛሬን ብቻ እለፊኝ» ላለ፣ እሱማ ይባስ ክልክል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስሙ አገር ምድሩን ሲያዳርስ እሷ የሰማችው ከዓመት በኋላ ነበር። ተናደደች ያለ ተሳስቷል። ቤቷ ገብታ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች።

ሃያ ሦስት ዓመት እዚያች ነጭ ሸክላ የለበሰች ክፍል ውስጥ ሠርታለች። አንድ ትልቅ የወተት ማጠራቀሚያ ጋን፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የበረዶ ሣጥን፣ ወደ ግቢው የሚያሳይ አንድ መስኮት። ጠዋት ጠዋት ሽቶ አትቀባም፤ ሽንኩርት የነካው ነገርም አትቀምስም። የወተት ቁጥጥር የመጀመሪያ መሣሪያው አፍንጫ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ስላልሆነ ብቻ ነው ከዕቃ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው። እሷ ክዳን ከፍታ ጎንበስ ስትል ሰልፈኛው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። በዚያች አፍንጫ ስንቱ ጉድ ተገልጧል!

ከሰልፉ ፊት ሁልጊዜ የሚቆመው ታላቅ ወንድሟ ነው። የእሱ ዕቃ ቁጥር አንድ ነው። እናትና አባታቸው በተከታታይ ሲሞቱ እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ። ትምህርቱን ትቶ በረት ገባ፤ እሷን ግን ከበረት አስወጥቶ ትምህርት ቤት ሰደዳት። «አንቺ ተማሪ፤ ላሞቹን ለእኔ ተያቸው» አላት። እሷም እስከ ዛሬ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች እንጂ አባቷ እሱ ነው። ከወተት ጋር ያስተዋወቃት፣ የታመመችን ላም ግት በመዳፍ ዳስሶ ማወቅን ያስተማራት እሱ ነው። «ላምን በቀለሟ የሚለያት ነጋዴ ነው፤ ባለቤት ግን በፊቷ ነው የሚያውቃት» ይላል፤ ይህን ሲል ደረቱ ይነፋል።

ተቆጣጣሪ ሆና የተሾመች ዕለት ለቢሮው «የወንድሜን ወተት ሌላ ሰው ይፈትሽልኝ» ብላ ጻፈች፤ ተፈቀደላት። እናም የቁጥር አንድን ዕቃ ባልደረባዋ ነበረች የምትፈርምበት። ይህ ሁሉ ጉድ የፈላው ታዲያ ያቺ ባልደረባዋ ወሊድ ላይ በነበረችበት ወር ነው። ቢሮው «ሰው የለንም፤ አንቺው ፈርሚ» አላት።

ወሩ ደግሞ ክፉ ወር ነበር። ወተቱን የሚረከበው ፋብሪካ «የአገሬው ወተት አያስተማምንም፤ የዱቄት ወተት ከውጭ ላስገባ» ብሎ ለመንግሥት አመልክቷል። መንግሥትም ከመፍቀዱ በፊት የጣቢያዎቹን የቁጥጥር መዝገብ እንደሚያይ አስታውቋል። ዱቄቱ ገባ ማለት የአርባ ስድስት ገበሬ ወተት ገዢ አጣ ማለት ነው። ይህን ሰልፈኛው ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጋኑ ሞልቶ፣ የፋብሪካው ቦቴ መኪና ግቢው ውስጥ ሞተሩን እያንኳኳ ቆሟል። የመጨረሻው ፈተና የመድኃኒት ፈተና ነው። ቀጭን የወረቀት መፈተሻ ወተቱ ውስጥ ይነከርና ስምንት ደቂቃ ይጠበቃል። ሁለት ቀይ መስመር ካወጣ ወተቱ ንጹሕ ነው፤ አንድ ብቻ ካወጣ መርፌ የተወጋች ላም ወተት ተቀላቅሎበታል።

አንድ አወጣ።

ሌላ ነከረች። አሁንም አንድ። ከእያንዳንዱ ገበሬ ዕቃ የተቀዳው ናሙና በትናንሽ ጠርሙስ በረዶ ሣጥኑ ውስጥ ስለሚቀመጥ ያን አውጥታ አሥር አሥር እያደረገች ትፈትሽ ጀመር። ሩቅ አልሄደችም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ዘጠኙ ሁለት ሁለት መስመር አወጡ። ቁጥር አንድ ግን አንድ መስመር ይዞ ቀረ። ሦስት ጊዜ ደገመችው።

የቦቴው ሾፌር በትከሻዋ በኩል አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ እንጂ ክፋት አያውቅም።

«እትዬ፣ የጋሼ ነው እንዴ?»

«የጋሼ ነው።»

«አንዲት ላም እኮ ናት! በዚህ ሁሉ ወተት ውስጥ ምን ልትሆን ነው? የፋብሪካው መፈተሻ እንደሆነ ካለቀ ሳምንቱ። እኔ አላየሁም፣ አንቺም አላየሽም፤ በቃ።»

«አይተናል እንጂ።»

«በዚህ ወር? ፋብሪካው የሚፈልገው ሰበብ ነው። ራስሽ በገዛ እጅሽ ልትሰጫቸው ነው?»

መድኃኒቱ የማይስማማውን ልጅ አሰበች፤ ያ ልጅ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ሰውነቱ ሲያብጥ ታያት። ወንድሟንም አሰበች። ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ወተቱ ተመልሶበት አያውቅም። እሱን ከማዋረድ ጣቷን ብትቆርጥ ይቀላት ነበር፤ ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም። ከዚያ ሄዳ የጋኑን ማፍሰሻ ከፈተችው። የአርባ ስድስት ሰው ድካም እየተንዶለዶለ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

ቅጹን ስትሞላ «የባለ ዕቃው ቁጥር» በሚለው ላይ አንድ ብላ ጻፈች። «ተጨማሪ አስተያየት» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት «ተቆጣጣሪዋ የባለ ዕቃው እህት ናት» የሚል ጨመረችበትና ፈረመች።

በማግስቱ ግቢው ጦፈ። የሚራገመው ተራገመ፤ ሌላው ደግሞ «የገዛ ወንድሟ ነው ያስደፋን» እያለ አጉረመረመ። ወንድሟ መጣ፤ ፊቱ ደም ለብሷል።

«ቦራ መርፌ ተወግታለች፤ አልካድኩም» አለ። «ግን እግሯ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ ለብቻዋ አልቤ፣ ወተቷን ደፍቻለሁ። የኔ ወተት ነው ማለት አትችዪም።»

«ጨርቁ ወድቆ ይሆናል፣ ወንድም ጋሼ።»

«ወድቆ ይሆናል።»

«ቢወድቅስ? ቦራን ከልጇ መለየት አቅቶህ ነው?»

ቦራና ልጇ ሁለቱም ግንባራቸው ላይ ነጭ አለባቸው። የእናትየው ሰፊ ነው፤ የልጅየው የአውራ ጣት ታህል። ወንድሟ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ሁሉም እየሰማ «ሥራሽን ሠርተሻል» ብሏት፣ ፊቷን ሳያይ ወጣ። በረቱ እስኪመረመር ድረስ አሥራ አምስት ቀን ታገደ።

እነዚያን አሥራ አምስት ቀናት ወንድምና እህት ሆድና ጀርባ ሆነው ከረሙ። ስትደውል ስልኩን አያነሳም። በሥራዋ አልተጸጸተችም፤ ግን አለቀሰች፤ ምን አስዋሸኝ? ያ ዝምታው ነበር የከነከናት። ሰውየው ተከራካሪ ነው፤ እውነት ይዞ ዝም አይልም። ስታስበው ስታስበው ሌላ ሌላውም ነገር ይመጣባት ጀመር፤ ደረሰኙን ክንዱን ዘርግቶ አርቆ ማየቱ፣ ብርጭቆ ሲቀዳ ጠርዙን በጣቱ መዳሰሱ፣ ከሩቅ ሰላም ስትለው በድምፅዋ እንጂ በመልኳ እሷን አለመለየቱ። ዓይኑ ደክሟል። ላምን በፊቷ የሚያውቀው ሰው የላሞቹን ፊት ማየት ተስኖታል፤ ይህን ከሚስቱ እንኳ ደብቋል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከቢሮው የእንስሳት ሐኪም ጋር ለምርመራ ሄደች። ከበረቱ በር ሳይደርሱ ቅጭል ቅጭል የሚል ድምፅ ሰሙ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ሐኪሙ።

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ቃጭል ነው። ቦራ ግቷ አገርሽቶባት ትናንት ደግሞ ተወግታለች። ከእንግዲህ እኔ በረት መርፌ የተወጋች ላም ቃጭል ታስራለች። ጨርቅ ይወድቃል፤ ይጨቀያል፤ ደግሞም...»

ቆመ። እህቱ ወደቆመችበት ዞረ።

«ደግሞም ጨርቅ አላይም። ዓይኔ ከዳኝ። ያን ቀን ቦራን ልጇ መስላኝ ነው ያለብኳት። የአርባ ስድስት ሰው ወተት ያስደፋሁት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ መሬት መሬቱን አየ። ወንድሟ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ወደ በረቱ ገባ፤ ዘጠኝ ላሞች መሐል ተሹለክልኮ ሄደና ቦራ አንገት ላይ እጁን አሳረፈ። «ይኸው» አለ። «ፈትሹኝ።»

እሷ ብዙ ደፋር ሰው አይታለች። እንደዚያ ቀን ግን በሰው ኮርታ አታውቅም። ቅጹን አወጣችና እያነበነበች ሞላችው፤ ወለል ንጹሕ፣ ውሃ አለ፣ የታመመች ላም ትለያለች። ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ከአፏ ያልሰሙትን ቃል አወጣች።

«ተፈቅዷል።»

«ጉድ ነው፣ ይሄንንም ታውቂዋለሽ?» አለ ወንድሟ፤ ሳቀና እንባውን በእጅጌው ጠረገ። በሚቀጥለው ሳምንት እጁን ይዛ ወደ ሆስፒታል ወሰደችው፤ የዓይኑም ሞራ ተገፈፈ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የመንግሥት ሰዎች መዝገቡን ሊያዩ ሲመጡ መሪያቸው ያቺ ቅጽ ላይ ደረሰ፤ «ተቆጣጣሪዋ የባለ ዕቃው እህት ናት» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበበ። መነጽሩን አወለቀና «የዚህን ጣቢያ ወተት ያልታመነ የማንን ዱቄት ሊያምን ነው?» አለ። የፋብሪካው ማመልከቻ ተመለሰ። ቃጭሉም በአካባቢው የበረት መመሪያ ውስጥ ዘጠነኛ ተራ ላይ ገባ፤ በሕክምና ላይ ያለች ላም ቃጭል ታስራለች፤ እንዲህ ያለች ላም ያለችው ገበሬም ወተቱ ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ይፈተሻል። ገበሬዎቹ ወንድሟን «አባ ቃጭል» ይሉታል። እሱ ደግሞ ሹመት አድርጎ ይዞታል።

በቀደም ዕለት አንድ አዲስ ሰው የከረመ ወተት ይዞ ሰልፉ መሐል ገባ። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው እስከ በሩ ደረሰ።

«እባክሽ እህቴ፣ ዛሬን ብቻ እለፊኝ።»

ክልክል ገና አፏን ሳትከፍት ከሰልፉ ፊት ወንድሟ ዞረ።

«አታድክማት፣ ወንድሜ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አርባ ስድስቱም እንዲሰሙት። «የእኔን የደፋች ናት!»

አባት ልጁ መመረቋን ሲናገር እንኳ እንደዚያ አይኮራም። እሷ ፊቷን ለመደበቅ የቁጥር አንድ ዕቃ ላይ ጎንበስ አለች። የቦራ ልጅ ያን ሳምንት መርፌ ተወግታ ቃጭል አስራለች፤ ያቺ ባልደረባም ገና ከወሊድ ፈቃድ አልተመለሰችም። ክዳኑን ከፈተች፤ አሸተተች፤ ወረቀቷን ነከረች፤ ስምንቱንም ደቂቃ አንዲት ሳትጎድል አስጠበቀችው። እሱም ቆሞ ጠበቀ።