የኮሪያ ድራማ ያየ ሽማግሌ

እኔ አያሌው፣ ውጫሌ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ፊቴ ይኮሳተራል። ዓይኔ ስለደከመ ክር ከመርፌ ለማገናኘት ግንባሬን እጨማድዳለሁ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሰዉ ግን ኩስትርነቴን ብልህነት ብሎ ቆጠረልኝ። «አያሌው ጥቂት ነው የሚናገር፤ የተናገረው ግን መሬት ጠብ አይልም» ይባል ጀመር። በዚህ የተነሳ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ ለሽምግልና እጠራለሁ። እኔም ክብሩ ስለጣመኝ አላስተባበልኩም።

ቤታችን ቴሌቪዥን ያስገባችው ልጃችን ፋና ናት። ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። ለእረፍት የመጣች ጊዜ ሰፊ ቴሌቪዥን ተሸክማ፣ በኮሪያ ድራማ የተሞላ ፍላሽ በኪሷ ይዛ መጣች። ድራማው ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ተመለሰ ሲባል አንድ ሰውዬ ከጀርባ ሆኖ ለሁሉም ይናገራል። ለልጅቱም እሱ፣ ለአማቷም እሱ፣ ለሐኪሙም እሱ። አንድ ጊዜ ለሕፃን ሲያለቅስ ሁሉ ሰምቼዋለሁ።

ፋና ወደ ሥራዋ ስትመለስ ባለቤቴ ስህን ከፍላሹ ጋር ቀረች። እኔ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ቆሜ ማላገጥ ሥራዬ ሆነ።

«ይኼ ወንድ ነው ሴት? ከንፈሩን ምን ቀብቶት ነው?»

«ዝም በል፣ የሚለውን አልሰማሁትም።»

«እሱ መች ተናገረ? የሚናገረው ያ ከጀርባ ያለው ሰውዬ ነው።»

«እንግዲያው የሰውዬውን ልስማበት!»

እንዲህ ስቀልድ ባጃጅ ገለበጠኝ። ገለበጠኝ የምለው ለሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ባጃጁ ቆሞ ነበር። እኔ ስወርድ ጋቢዬ ብረቱ ላይ ተያዘና በግንባሬ ተደፋሁ። እግሬ ተሰብሮ በጀሶ ታሠረና ከአልጋ ዋልኩ። አልጋው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ኮርቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ግድግዳ እያየሁ ግን ጆሮዬ አላርፍ አለ። ውሎ አድሮ፣ «አሁን ያለቀሰችው የትኛዋ ናት?» ብዬ ጠየቅሁ። ስህን ዞር ብላም አላየችኝም። «ዙርና እይ» አለችኝ። ዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ግድግዳ አላየሁትም።

ሰው ማየት ሲጀምር አስተያየት ይበዛበታል፤ እኔም በዛብኝ። ለምሳሌ ልጅቱ ደሃ ናት ይሉናል። የምትኖረው ግን ፎቅ ጣራ ላይ ነው፤ ከተማው በሙሉ ከእግሯ በታች ያበራል። እኔ እንዲህ ያለ ድህነት ቢገጥመኝ ዕድሩ ሊቀመንበር ያደርገኝ ነበር። ደግሞ በተጣሉ ቁጥር ይዘንባል። የአምባሰል ገበሬ ሐምሌ ገብቶ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ እነሱ ገና ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ይወርድላቸዋል። እኔና ስህን ስንት ዘመን ተጣላን፤ አንድም ቀን አላካፋልንም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የበሽታው ነገር ነበር። የኮሪያ ወንድ ሲታመም ለእናቱም ለጓደኛውም አይናገርም። የሚወዳትን ይጠራና «አልፈልግሽም፣ ሂጂ» ይላታል። እሷም አምና እያለቀሰች ትሄዳለች። ይህን በየድራማው አይቼ በየድራማው ተቃጥያለሁ። «አንቺ ሞኝ! ሰውዬው ታሟል እኮ! ፊቱን አታዪም?» እያልኩ በክራንቼ ወለሉን እደበድባለሁ። እንደኔ ነገር የገባው ተመልካች በወሎ ምድር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ስህንና እኔ ግን በአንድ ነገር አልተስማማንም። በየድራማው ሁለት ወንዶች አሉ፤ አንዱ ኩስትር፣ አንዱ ደግ። ልጅቱ ሁልጊዜ ኩስትሩን ታገባለች። እኔ እደሰታለሁ፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልገኝም። ስህን ግን ለሁለተኛው ታዝናለች። «ቢያንስ በላሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል» ትላለች፣ ወደኔ እያየች።

ጀሶው ከወለቀ በኋላ አንድ ቀን ብቻዬን እያየሁ ዕንባዬ ሲወርድ ጎረቤታችን ዝናው ገባ። ምን ልበል? «እግሬን አመመኝ» አልኩት። ሮጦ ወጥቶ ወጌሻ ይዞ ተመለሰ። ወጌሻውም የዳነ እግሬን እያሸ የእውነት ዕንባ አስለቀሰኝ።

መራመድ ከቻልኩ በኋላ ሀሚዱ በረንዳዬ ላይ መጣ። ሀሚዱ የእህል ነጋዴ ነው፤ ለሽምግልና የምንጠራው ሁልጊዜ አብረን ነው። እሱ ዱዓ ያደርጋል፣ እኔ እኮሳተራለሁ።

«የወንድሜ ልጅ ጠሃ ትዳሩ ሊፈርስ ነው» አለኝ። ጠሃ ሳዑዲ ድንጋይ መፍጫ ላይ ሲሠራ ኖሮ ቅርብ ጊዜ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። ሚስቱ ሙጂባ እዚሁ ውጫሌ ስትጠብቀው ኖራለች። «ከመጣ ወዲህ ምላሱ ታሠረ። በቀደም ደግሞ ወደ እናትሽ ሂጂ አላት። ሐይቅ እናቷ ዘንድ ገብታለች። እንሂድና እናስታርቃቸው።»

በነጋታው ጠዋት ሦስታችን፣ ሀሚዱ፣ ጠሃና እኔ፣ በሚኒባስ ሐይቅ ወረድን። ከዚያ በባጃጅ ወደ ውሃው ዳር ወደ ሙጂባ እናት ወደ እትዬ ዙለይሃ ቤት ሄድን። ከባጃጁ ስወርድ ሀሚዱ ጋቢዬን ያዘልኝ። ወሬው እሱም ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሀሚዱ ዱዓ አደረገ፤ አሜን አልን። ሙጂባ ከጠሃ በግራ በኩል ራቅ ብላ ተቀምጣ ጉዳቷን ተናገረች።

«ሳወራው አይመልስልኝም» አለች። «ስጠራው ዝም ነው። ከመለሰም ያልጠየቅሁትን ይመልሳል። ስንት ዘመን ጠብቄው ከግድግዳ ጋር ነው የምኖረው? በመጨረሻ ሂጂ አለኝ፤ መጣሁ።»

ወደ ጠሃ ዞርኩ። «ልጄ፣ የተባለው እውነት ነው?»

«እ?» አለኝ፣ አንገቱን ዘወር አድርጎ።

ደገምኩለት። አሁንም ፊቱን ሳይሆን ጉንጩን ሰጠኝና «እ?» አለ። ደሜ ፈላ። ሽማግሌ እያናገረው አንገቱን ያዞራል! ይህ ልጅ ልቡ ካልተነካ አይመለስም አልኩና ያለ የሌለ ችሎታዬን አወጣሁ።

«አንድ የማውቀው ልጅ ነበር» ብዬ ጀመርኩ፣ ድምፄን አወፍሬ። «የመርሳ ትልቅ ነጋዴ ልጅ። አንዲት ደሃ ልጅ ወደደ። እናቱ ይህን ስትሰማ ልጅቱን ሻይ ቤት አስጠርታ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፊቷ ላይ ደፋችባት! ልጁ ግን አልተዋትም። ኋላ ክፉ በሽታ ያዘው። ለማንም አልተናገረም። መናኸሪያ ላይ ቆሞ፣ ዝናቡ እየወረደ…» እዚህ ላይ በጋቢዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ። «እየወረደ፣ ሰልችተሽኛል፣ ሂጂ አላት።»

ሙጂባ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አስለቀስኳት! ስል በልቤ ኮራሁ። ሀሚዱም በአድናቆት አየኝ።

ሙጂባ ሻርፗን ገለጠች። የምትንቀጠቀጠው በሳቅ ነው።

«ጋሼ አያሌው፣» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ከዚያ በውሻዋ ምክንያት አይደል መልሶ የሚያገኛት? በረዶው ላይ?»

ጋቢዬን አስተካከልኩ።

«ይኼ የኮሪያ ድራማ ነው እኮ! የምን መርሳ አመጡብኝ?»

ሀሚዱ ወደኔ ዞረ። «ኮሪያ?»

«ከመርሳ አለፍ ብሎ ነው» አልኩ።

እትዬ ዙለይሃ «ያረቢ!» ብላ አፏን ያዘች። መሬቱ ቢከፈትልኝ ክራንቼን ሳልይዝ እገባ ነበር። በዚህ መሀል አንድ ያልጠበቅነው ድምፅ ተሰማ። ጠሃ እየሳቀ ነው።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለ። «ከሥራ ስንገባ በስልክ አየው ነበር፤ በአረብኛ ጽሑፍ፣ እያነበብኩ። ግን ጋሼ ተሳስተዋል። መናኸሪያው ላይ ሰልችተሽኛል አላላትም።»

«ብሏታል!» አለች ሙጂባ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ወላሂ አላለም! ሳልከብድሽ ሂጂ ነው ያላት። አንብቤዋለሁ።»

«የኛው ሰውዬ ሰልችተሽኛል ነው ያለው።»

«ሰውዬው ከራሱ ጨምሮ ነዋ!»

እኔም አላስችል አለኝና «ሰልችተሽኛል ሲል እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ።

«አያሌው፣ አንተ እንኳ ዝም በል!» አለ ሀሚዱ።

ባልና ሚስቱ እንዲህ ሲከራከሩ ቆይተው፣ ሙጂባ ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። አንገቷን ደፍታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንተስ?» አለችው። «አንተ ሂጂ ስትለኝ የትኛውን ማለትህ ነበር?»

ጠሃ ግራ ገብቶት ወደ ከንፈሯ አየ። አንገቱን አዞረና «እ?» አለ።

ያን ጊዜ ገባን፤ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ።

«በዚህ በኩል አልሰማም» አለ ጠሃ፣ ግራ ጆሮውን በእጁ ነካ አድርጎ። «መፍጫው ነው የበላው። ጩኸቱ አይጣል ነው። ቀኙም ቢሆን እየደከመ ነው፤ ጮክ ካላሉ ግማሹን ነው የምይዘው። ስትጠሪኝ አልሰማሽም። ስትስቂ በምን እንደምትስቂ አላውቅም። ስንት ዘመን ጠብቃኝ ደንቆሮ ከምታስታምም ብዬ…» አልጨረሰውም።

እትዬ ዙለይሃ ተቆጣች። ስትቆጣ ዕንባዋም አብሮ መጣ። «ዓይኑ የጠፋ አባቷን እስከ መጨረሻው ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ! ለጆሮ ብለህ ነው ልጄን የመለስክብኝ?»

ሙጂባ ተነሥታ በፊታችን አለፈችና በቀኙ በኩል ተቀመጠች። ወደ ጆሮው ተጠግታ የሆነ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው እኛ አልሰማንም። እሱ ግን ሰማ፤ አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ጠበበኝ። በየድራማው «ታሟል እኮ፣ ፊቱን አታዪም?» እያልኩ ወለል የምደበድብ ሰው፣ የታመመው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ጆሮውን ሲሰጠኝ፣ ባለጌ ነው ብዬ ፈርጄበታለሁ። ኮሪያ ድረስ የሚያይ ዓይኔ ክንድ የማይሞላ ቦታ ሳተ።

ምሳ ዓሣ ቀረበልን። ሐይቅ ላይ የሚሸመግል ሰው ዕድለኛ ነው፤ ዓሣ ባራኪ ስለማይፈልግ ሀሚዱና እኔ ከአንድ ትሪ በላን። ጠሃና ሙጂባ እሾሁን እየለቀሙ አሁንም ስለዚያ ውሻ ይከራከሩ ነበር፤ እሷ ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ ጮክ እያለች።

ስንመለስ ሀሚዱ ሚኒባሱ ውስጥ አኩርፎ መንገዱን ብቻ ያይ ነበር። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ዱዓ አድርጌልህ፣ አንተ የኮሪያ ተረት ታወራለህ!» አለኝ።

«አጥፍቻለሁ።»

ወዲያው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ልጁ ግን ዳነ?» አለ።

«ዳነ። ግን መጀመሪያ ይረሳታል።»

«ለምን ይረሳታል?»

«መኪና ገጭቶት።»

«ታሞ አልነበረም እንዴ?»

«ታሞም ይገጨዋል።»

«ላ ሐውለ!» አለና፣ ውጫሌ እስክንገባ ድረስ የቀረውን አስተረከኝ።

ቤት ስገባ ስህን ጎመን ትከትፍ ነበር። በዋልኩበት ነገር ልቤ ተነክቶ ነበርና አጠገቧ ቆሜ፣ «በላሽ ወይ?» አልኳት። ቢላዋዋን አስቀምጣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ምን አጥፍተህ መጣህ?» አለች።

ጠሃን ደሴ ሐኪም አየው። ግራው አይመለስም ተባለ፤ ለቀኙ የመስሚያ መሣሪያ ተገጠመለት። አሁን ሁለቱም ሐይቅ ናቸው። ጠሃ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ይወጣል። ጀልባ ላይ ብዙ የሚሰማ ነገር ስለሌለ ሥራው ተስማምቶታል። ሙጂባ ደግሞ የሰውዬውን አማርኛ ትታ ጽሑፍ ያለበትን ከሱ ጋር ማየት ጀምራለች፤ አረብኛውን እሱ እያነበበ ይነግራታል። ከራሱም ይጨምራል ብላ ስትከሰው ሰምቻለሁ።

ወሬው ግን ከኔ ቀድሞ ውጫሌ ገብቶ ነበር። ገበያ ዳር «ኮሪያ» ብሎ የጠራኝ ሰው ዞር ብዬ ሳይ ይስቃል፤ እኔም እዞራለሁ። ከሽምግልና ግን አልወጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ተጨመረ፤ ገና ጉሮሮዬን ስጠራርግ ሀሚዱ ክንዴን ይዞ፣ «አያሌው፣ ከራስህ ብቻ» ይለኛል። ከራሴ ብቻ ስናገር ደግሞ አንድ ሁለት ቃል ሆኖ አለቀ፤ ለካ ያለኝ ይኸው ነበር። ሰዉም ሽምግልናው ቶሎ ስለሚያልቅለት ይመርቀኛል።