የወተት ማዕከሉ ሰርቨር አድራሻ የተቀየረበት ቀን

ቡራዩ ካለው የኮምፒውተርና የኔትወርክ ጥገና ሱቅ ሥራ የገባሁ ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ደረጀ ቁራጭ ኬብልና የኬብል ጫፍ መግጠሚያ ፒንሳ ሰጡኝ። ስምንቱን ሽቦ በየቀለሙ ደርድሪ፣ ከተሳሳትሽ ቆርጠሽ እንደገና ጀምሪ አሉኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ አቀርቅሬ መሥራቱ ተመቸኝ። ሱቁ ሲዘጋ ጫፎቹን በመሞከሪያው አዩና "ነገ በጊዜ ነይ" አሉ። መቀጠሬን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰበታ ፋብሪካዎች ውስጥ ኬብል ስስብ፣ ጣሪያ ላይ ስወጣ ቆየሁ። ሰርቨር፣ የሌሎቹን ማሽኖች መረጃ የሚይዘውን ዋና ኮምፒውተር፣ መንካት የጀመርኩት ቆይቼ ነው።

ሱሉልታ ያለ አንድ የወተት መሰብሰቢያ ማዕከል ሆለታ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ሁለቱን በኔትወርክ ልናገናኝ ስንል ሌሎች ማሽኖች የሚጠሩበት የሁለቱም ሰርቨሮች አድራሻ አንድ ቁጥር ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ሆነው ደግሞ መገናኘት አይችሉም። የሱሉልታው እንዲቀየር ተወሰነ።

ሚዛኑ፣ የደረሰኝ ማተሚያውና የቢሮው ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን የሚጠሩት በአሮጌው ቁጥር ነበር። ገበሬው ወተቱን ይዞ ተሰልፎ ሳለ ሚዛኑ ሰርቨሩን ቢያጣው ሥራው ይቆማል። ወተት ደግሞ አይጠብቅም።

ጋሽ ደረጀ መጀመሪያ የሰርቨሩን መረጃ ቅጂ አስቀመጡ። ከዚያ አሮጌውን አድራሻ ሳይነቅሉ አዲሱን ጨመሩለት፤ ሰርቨሩ በሁለቱም ይመልስ ጀመር። ማሽኖቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አዞርን። ስም በሚቀበሉት ላይ በቁጥሩ ፋንታ የሰርቨሩን ስም ጻፍን፤ ወደፊት ቁጥሩ ቢለወጥ አንድ ቦታ ማስተካከል ይበቃል። የጠዋቱ ወተት ያለ ችግር ተመዝኖ ገባ።

ረፋዱ ላይ የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ሮማን መጣች። "ጋሼ፣ አሮጌውን ይንቀሉትና እንገላገል። ሆለታዎች በስልክ ናላዬን አዞሩት" አለች።

ጋሽ ደረጀ አሮጌውን አድራሻ ገና የሚጠራ ማሽን ካለ ስክሪኑ ላይ እንድመለከት አዘዙኝ። አንድ ማሽን ቀርቷል፤ ምን እንደሆነ ግን ማናችንም አላወቅንም። ሮማን የድሮ ኮምፒውተር ይሆናል አለች። ጋሽ ደረጀ ኬብሉን ተከተይ አሉኝ።

ኬብሉ ወደ ጓሮ ወጥቶ ግድግዳ ውስጥ ጠፋ። እዚያ ዘበኛው ኦቦ ዲንቃ ከሁለት ሹፌሮች ጋር ተቀምጠዋል። ሰው ወደተሰበሰበበት መሄድ ለእኔ ጣሪያ ከመውጣት ይከብዳል። ልመለስ ስል ሮማን ከውስጥ "ምን ተገኘ?" ስትል ሰማሁ። ወደ ሰዎቹ ሄድኩ።

"አካም ጂርቱ፣ ኦቦ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠሁ።

ድምፄ ስላልወጣ አንዱ ሹፌር "ይቺ ልጅ እያወራች ነው ወይስ እየጸለየች?" አለ። ሳቁ። ኦቦ ዲንቃ አልሳቁም። ኬብሉ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኋቸው።

"እሱማ ከወተት ታንከሩ ጀርባ ወዳለችው ሣጥን ነው። ወተቱ ሲሞቅ ስልኬን የምታስጮኸው እሷ ናት። እሷ ባትኖር እኔ መች እነቃለሁ?"

ሣጥኗን የገጠመው ሠራተኛ ሮማን ማዕከሉ ውስጥ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ለቆ ነበር። ሣጥኗ የወተቱን ሙቀት ለሰርቨሩ ትነግራለች፤ ሰርቨሩ ለዘበኛው መልእክት ይልካል። አሮጌውን አድራሻ ብንነቅለው የተበላሸ ነገር መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር፤ ማቀዝቀዣው ቆሞ ወተቱ እስኪበላሽ ድረስ።

ሮማን ይህን ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሆለታዎች እንዲጠብቁ ደወለች።

ሣጥኗ ስም አትቀበልም፤ አዲሱን ቁጥር ጻፍንባት። ለመሞከር ኦቦ ዲንቃ የሙቀት መለኪያውን ጫፍ በመዳፋቸው ጨብጠው ያዙ። ሁላችንም ስልካቸውን ስናይ ቆየን። ጮኸ።

"ይኸው ነቃሁ" አሉ።

አሮጌውን አድራሻ የሚጠራ አልቀረም። ጋሽ ደረጀ ከኪቦርዱ ፊት ተነስተው "አንቺ ንቀይው" አሉኝ። ነቀልኩት። የሆለታው መስመር ተገናኘ።

አሮጌ አድራሻ የሚነቀለው የሚጠራው ሲያልቅ ነው። የሚጠራው ማን እንደሆነ ከስክሪኑ ካላወቃችሁ እዚያ የሚውለውን ሰው ጠይቁ። እኔ አሁንም አፍራለሁ፤ ግን እጠይቃለሁ።