ጥሩዬ ስሜን የጠራች ዕለት

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ «እማማ፣ መስቀል ለእርስዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ትልቅ ሰው ጠይቁ ተብለው ኖሯል። «ኃይላችን፣ መድኃኒታችን ነው» ብዬ መለስሁላት። አልዋሸኋትም፤ ግን የነገርኋት ሁሉም ሰው የሚለውን ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ከፎገራ ሜዳ ጠርዝ ላይ ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከአባቴ እጅ ይወስዳል፤ ከቤታችን ገብቶ ግን እህል አይቀምስም። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይሉናል። ከመንደሩ ልጃገረዶች የማትሸሸኝ ጥሩዬ ብቻ ነበረች። ውሃ ስንወርድ ከሰው ተደብቀን የሽምብራ እሸት አብረን እንጠረጥር ነበር።

አንድ ክረምት የደብሩ ቄስ የእጅ መስቀል እንዲሠራላቸው አባቴን ለመኑት። ሥራው እስኪያልቅ አባቴ እህል ሳይቀምስ ይውል ነበር፤ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነኝ። ሲጨርስ በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ ወሰደላቸው። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ሁሉ ተሳለመው።

መስከረም ጠባ። ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ ጭቃው ይሸታል፣ ትንኙ ይነሣል፣ ወባ ይገባል። ጥሩዬ ታመመች። ትኩሳቱ ሲያስቃዣት ስሜን ጠራች። ጓደኛዋን ፈለገች ያለ ሰው አልነበረም፤ የበላቻትን ተናገረች አሉ።

ወንድሞቿ መጥተው ወሰዱኝ። የተከተለንን አባቴን ከአጥሩ በር ላይ አገዱት። ጥሩዬ ከደጃፉ መደብ ላይ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ቄሱ ያንን መስቀል ግንባሬ ላይ ተጭነው፣ እትፍ በይባትና ልቀቂያት አሉኝ። ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር።

አባቴ ድምፁን ሳያነሣ ከውጭ ተናገረ።

«አባ፣ የያዙትን መስቀል የሠራሁት እኔ ነኝ። እጄ ለእርሱ ከነጻ፣ ልጄ በምን ረከሰች?»

ቄሱ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «ያንተ ብረቱ ነው፤ መስቀል ያደረግነው እኛ ነን» አሉ።

ታላቅ ወንድሟ ዱላውን ሲያነሣ ተፋሁባት። የምወዳት ልጅ ፊት ላይ ተፋሁ። እሷ ዓይኗን ገልጣ እጄን ፈለገች፤ ልይዛት ስል ጎትተው አስወጡኝ።

በማግስቱ አረፈች። ከቀብሯ እንድንቆም አልፈቀዱልንም። መኸሩ ሳይሰበሰብ ወረታ ገባን። አባቴ ከዚያ ወዲህ መስቀል አልሠራም፤ ማተቡን ግን እስኪሞት አልበጠሰም። እንዴት እንደቻለ ብዙ ዘመን አልገባኝም ነበር።

ዛሬ መስቀል በየአንገቱና በየመኪናው መስተዋት ተንጠልጥሏል። ያንጠለጠለው ሰው ግን አስቀድሞ የሚጠይቅህ ዘርህን ነው። በመስቀል ላይ የዋለው ጌታ ራሱ በሕዝብ ጩኸት ተፈርዶበት ከከተማ ውጭ የተገፋ ነው። ያን ዕለት የት ቆሞ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ከአባቴ ጋር፣ ከአጥሩ ውጭ።

ለልጅቱ መመለስ የነበረብኝ ይህን ነው። እናቷ ግን እዚያው ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ልጅቱ የቀጥቃጭ ዘር መሆኗን አታውቅም፤ ከእኔም አፍ እንዳትሰማ እናቷ በመስቀል አስምላኛለች።