የበሩን ነገር የጻፈው ሰውዬ

ባለቤቴ ይርዳው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ደብረ ታቦር ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ሃያ ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፏል። የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር ስለነበር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት ነበር። ወንበሩ ላይ እኔ የሰፋሁለት ትራስ ነበረው። ዝናብ ሲመጣ ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ይከትና ራሱ ይበሰብሳል። "ወረቀቱ የሰው ነው፤ እኔ የራሴ ነኝ" ይላል። ሲመሽ የሚያደርቀው ግን ራሱ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ሲጽፍ አንዱም ወረቀት ላይ ስሙ የለም። ማመልከቻ የሚፈርመው አመልካቹ ነው፤ የጻፈው ሰው የትም አይገኝም። "አንድ ቀን፣ አንድ ጽሑፍ ላይ፣ 'ደራሲ ይርዳው' ቢባል ይበቃኛል" ይለኝ ነበር። ለዚሁ ብሎ ልብ ወለድ ጀምሮ ነበር። ሦስት ደብተር ሞልቷል፤ ሦስቱም መግቢያ ነው።

ሌላም ችግር ነበረበት። ሰው ተጣልቶ ሊከስ ሲመጣ ይርዳው መጀመሪያ ብዕሩን አያነሣም። "ያኛው የት ነው ያለው?" ብሎ ይጠይቃል። ያኛው እዚያው ገበያ ውስጥ ከሆነ አስጠርቶ ያስታርቃቸዋል። ሁለቱም እየተሳሳቁ ይሄዳሉ፣ እሱ ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። አጠገቡ ተቀምጦ የሚጽፈው አያሌው አንድ ቀን ለእኔ አቤት አለ።

"እትዬ ጌጤ፣ ይህን ሰው ቤት ያዙልን እንጂ! በዚህ ከቀጠለ አውራጃው ውስጥ የሚካሰስ ሰው ሊያልቅ ነው።"

በሐምሌ 1974 የቀበሌያችን የኪነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ሞላ ቤታችን ድረስ መጣ። ለመስከረም ሁለት፣ ለአብዮት በዓል፣ ስለ ባላባትና ጭሰኛ የሚያሳይ ቴአትር ይፈለጋል። ጥሩ ከሆነ ወደ አውራጃ ውድድር ያልፋል። ሲያልቅም የደራሲው ስም መድረክ ላይ ይጠራል። ይርዳው የመጨረሻውን ሲሰማ በእጁ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ በሳምንት ጨርሶ አነበበልኝ። እኔ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ስለነበርኩ አራሚው እኔ ነኝ።

"ባላባቱ፣ ዕድሜ ሃምሳ ስምንት፣ አድራሻ ቀበሌ 03፣ የቤት ቁጥር 214" ብሎ ጀመረ።

"መጥሪያ ልትልክለት ነው?" አልኩት።

"ሰው ያለ አድራሻ እንዴት ይገኛል?" አለኝ፣ ከልቡ።

ጭሰኛው በሬው ተወስዶበታል። አፉን ሲከፍት፣ "ከላይ በዝርዝር እንደገለጽኩት በሬዬ ያለአግባብ የተወሰደብኝ በመሆኑ" ይላል።

"ለሚስቱም እንዲህ ብሎ ነው የሚነግራት?"

"ይሄ ለባላባቱ ነው።"

"ለሚስቱስ?"

ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። "ግልባጭ ይደርሳታል" አለ።

ከሳቄ የተነሣ የምለቅመው ምስር ተደፋ። እሱም እየሳቀ አብሮኝ ለቀመ።

ሁለተኛው ረቂቅ ተሻለ። ሰዎቹ አድራሻ የላቸውም፣ እንደ ሰው ይጣላሉ። ይርዳው ለጓድ ሞላ ሰጠውና በማግሥቱ ጓድ ሞላ ጃንጥላውን እንኳ ሳያጥፍ ገባ።

"ጓድ ይርዳው፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ ታረቁ እኮ!"

"አዎ፣ ጥሉ ቀላል ነበር።"

"ቀላል? ይሄ ሺህ ዓመት የቆየ ጥል ነው!"

"ከቆየማ መታረቃቸው ይብስ ያስፈልጋል።"

ጓድ ሞላ ወደ እኔ ዞሮ አየ፤ እኔ ምስሬን አየሁ። "ስማኝ" አለው። "በመደብ ትግል ሽምግልና የለም። ባላባቱ ይባረራል፣ በቃ። ቡሄ ሳያልፍ አስተካክለህ ካላመጣህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። የሚጠራውም የሌላው ስም ነው።"

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ምክር ዘነበ። አያሌው ጠመንጃ ጨምርበት አለው፤ ጨመረ። ባላባቱን የሚጫወተው ልብስ ሰፊው በላይነህ ረጅም ንግግር ጻፍልኝ ብሎ ለመነው፤ አስረዘመለት። የነፍስ አባታችን ደግሞ ክፉ ሰው ፈጥረህ ያለ ንስሓ አትተወው አሉት። እሳቸውንም እንዳያስቀይም ባላባቱ ጠመንጃ እንደያዘ ረጅም ንግግር እያደረገ ንስሓ ገባ። እኔ አንብቤ ምንም አላልኩም። ዝም ስል ደግሞ ይፈራኛል።

ቡሄ አምስት ቀን ሲቀረው አንዲት ሴት ማመልከቻ ልታጽፍ ቤታችን መጣች። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ስለተዘጋ ይርዳው ቤት ነበር የሚሠራው። ደሳለች ትባላለች። ባሏ በወሰን ጠብ ታስሯል። የረጠበ ነጠላዋን ሳታወርድ ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ነገሯን ተናገረች።

"እርሻውን ጎረቤት ይዞልኛል፣ ላሚቱንም አልባለሁ። የበሩን መወርወሪያ ነው ያቃተኝ። ከባድ ነው። እሱ ለራሱ እጅ ልክ አድርጎ ነው የጠረበው። ማታ ማታ እሱን ይዤ እቆማለሁ። ማን ያስገባልኝ?"

ይርዳው ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ጨርሶ አነበበላት፦ "ባለቤቴ በመታሰሩ ምክንያት በከፍተኛ ችግር ላይ የምገኝ ስለሆነ።" ሴትዮዋ በጣቷ ፈርማ ወጣች።

"መወርወሪያውስ የት ገባ?" አልኩት።

"የቱ መወርወሪያ?"

"የበሩ ነዋ! አሁን የነገረችህ።"

"እሱ ለዳኛ ምን ያደርግለታል?"

"ለዳኛው ምንም። አንተ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰው አፍ ጥሩ ጥሩውን ሰምተህ እየጣልክ 'ከፍተኛ ችግር' የሚለውን ብቻ ነው የምታስቀረው። የጣልከውን ብትለቅመው ይሄኔ መጽሐፍህ አልቆ ነበር።"

እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ኮቱንም ሳይለብስ በዝናብ ወጣ። ተቆጥቶ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው በስብሶ ተመለሰ።

"ፈቀደች" አለኝ።

"ምኑን?"

"ቃሏን። ቃሉ የእሷ አይደለም? ዝም ብዬ ልውሰደው እንዴ? ስሜን ግን እንዳትጽፍ ብላለች።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ያደረቅሁበት ጊዜ የለም።

በአራት ቀን አዲስ ቴአትር ጻፈ። ጠመንጃው ቀረ፣ ረጅሙ ንግግር ቀረ። በላይነህ እስከ በዓሉ ድረስ አኮረፈ። ባላባቱ በሬውን ይወስዳል፣ ጭሰኛውን ያሳስራል፣ በመጨረሻም ሕዝቡ ተነሥቶ ያባርረዋል። ጓድ ሞላ አነበበና "አሁን ገና ነቃህ" አለው።

መስከረም ሁለት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ከፊት ተቀመጡ። ይርዳው ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከጎኔ ተቀምጧል። የጭሰኛውን ሚስት የምትጫወተው አለምወርቅ የምትባል የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ወደ ባላባቱ ዞረች።

"በሬውን ወሰድህ፣ እሺ። ባሌንም ወሰድህ። የበሩን መወርወሪያ ለእሱ እጅ ልክ ነው የጠረበው፤ እኔ አልችለውም። ማታ ማን ያስገባልኝ? አንተ ትመጣለህ?"

በላይነህ እንደ ተጻፈለት ገፈተራት። እሷ እንደ ተጻፈላት ወድቃ አለቀሰች። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ሆነው የሚገቡት አራት ወጣቶች ነበሩ። እነሱ ሳይገቡ ግን ከመሐል አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። አያ ሙላቴ ይባላሉ፤ ለዘመን መለወጫ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአንበሳሜ የመጡ ናቸው። ቴአትር አይተው አያውቁም።

"ተዉ እንጂ! በዚህ አገር ሰው የለም? ሴት ልጅ ስታለቅስ ተቀምጦ ማየት ምን ማለት ነው?" ብለው በዱላቸው መንገድ እየከፈቱ መድረኩ ላይ ወጡ። ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ሦስቱም ነጠላቸውን አስተካክለው በላይነህ ፊት ቆሙ።

"ጌታዬ፣ ስለ ኢየሱስ ብለህ" አሉት።

በላይነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባቴ፣ ይሄ እኮ ቴአትር ነው" አላቸው።

"ይሁና! ቴአትርም ቢሆን በጥል አይታደርም። በሬዋን መልስ።"

"በሬ የለም እኮ፣ አባቴ።"

"የለም? በላኸው?"

በላይነህም የዚሁ አገር ልጅ ነው። ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ሲለምነው እንቢ ማለት አይሆንለትም። ወደ ጓድ ሞላ አየ፤ ጓድ ሞላ ጣሪያውን ያያል። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ መድረኩ ላይ ድንጋይ አልነበረም። ጭድ የጠቀጠቅንበትን፣ የባላባቱ እህል የተባለውን ጆንያ ጫንቃው ላይ አነሣና አለምወርቅ እግር ሥር ተንበረከከ። እሷም ግራ ቢገባት፣ "ይቅር ለእግዜር" አለች። ሴቶቹ በእልልታ አዳራሹን ነቀነቁት። ጎኔን ባይ ይርዳው ዓይኑን በነጩ ሸሚዙ እጅጌ ይጠርጋል።

ጭብጨባው ሲያባራ እንግዳው ጓድ ሞላን ጠሩ፤ ጓድ ሞላ ይርዳውን ጠራ።

"ይህ መጨረሻ ጽሑፉ ላይ አለ?" አሉት እንግዳው።

"የለም፣ ጓድ።"

"ታዲያ ማን ጨመረው?"

ይርዳው ወደ አዳራሹ ዘወር ብሎ አየ። "ሰፊው ሕዝብ" አለ።

እንግዳው ወዲያ አዩ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው የያዙት ቁጣ ይሁን ሳቅ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። "ለውድድሩ ከሌላ ቀበሌ ይሂድ" ብለው ብቻ ተነሡ። ጓድ ሞላም የደራሲው ስም የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። የማንም ስም አልተጠራም።

ወደ ቤት ስንሄድ ጭቃውን እየዘለልን ነበር።

"አልጠሩኝም" አለኝ።

"አልሰማሁም" አልኩት።

"ስላልጠሩኝ ነዋ!" ብሎ ቆጣ አለና፣ ትንሽ ሄዶ ሳቀ። ምሳውን ግን አልጨረሰም። ነጩን ሸሚዝ ራሱ አጥፎ ሳጥን ውስጥ አስገባው።

በጥቅምት ፍርድ ቤቱ ተከፈተ። ቁርሱን ረስቶ ስለወጣ ይዤለት ሄድኩ። ከይርዳው ጠረጴዛ ፊት ሴቶች ቆመዋል፤ የቴአትሩ ወሬ ደርሷቸው የጎንደሩን መንገድ ይዘው፣ ከአንበሳሜም በኩል የመጡ። አያሌው ፊት ግን ማንም የለም። አንዲት ሽንኩርት የታቀፈች ሴት ጠጋ ብላ አያሌውን ጠየቀችው።

"የበሩን ነገር የጻፈው ሰውዬ የቱ ነው? እንደዚያ አድርጎ ይጻፍልኝ።"

አያሌው ብዕሩን አስቀመጠና በአገጩ ወደ ጎረቤቱ ጠቆመ። "እሱ ነው፣ ደራሲው" አለ። "ግን ያስታርቅሻል፣ ተጠንቀቂ!"

ይርዳው ሰምቷል። ቀና አላለም። ያቺን ሴት አስቀመጣትና፣ ብዕሩን ሳያነሣ፣ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጣት። የዚያን ቀን ቁርሱን እዚያው በላው፣ እያዳመጠ።

ልብ ወለዱን ሳይጨርስ አረፈ። ሦስቱ ደብተሮችና የቴአትሩ ጽሑፍ እኔ ዘንድ ናቸው። የቴአትሩ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ሕዝቡ ባላባቱን ያባርራል ከሚለው ሥር፣ በኋላ በእርሳስ የጨመራት አንዲት መስመር አለች፦ "ሽማግሌዎች ይገባሉ።" ስሙን የትም አልጻፈም።

ዛሬም አንዳንድ መጻፍ የሚፈልጉ ሰዎች ሲመጡ ጽሑፎቹን አለፍ አለፍ እያልኩ አሳያቸዋለሁ። ምክር ስጪን ሲሉኝ ያው ለእሱ ያልኩትን እላለሁ፤ የምትጥሉትን ልቀሙ። ሌላ አላውቅም።

ይርዳው ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። የቤታችንን በር መወርወሪያ የጠረበው እሱ ነው። ለእጁ ልክ ነው።