የሯጮች ጫማ ስናድስ፣ ቦሳ ኪቶ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባለቤቴ ከማል መጀመሪያ የሰጠኝ መዶሻ ወይም ወስፌ አልነበረም፤ ቁራጭ ስፖንጅ ነበር።

«በአውራ ጣትሽ ተጫኚው» አለኝ። ተጫንኩት። «አሁን ልቀቂው። ተመለሰ?»

«ተመለሰ።»

«ቶሎ ነው ወይስ ቀስ ብሎ?»

እኔ እንጃ አልኩት። «እንግዲያው ይህን እስክትለዪ ማስቲሽ አትነኪም» አለ። ቤት ውስጥ ባሌ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ግን አለቃዬ ነበር። ሁለቱን አያደባልቅም።

ሱቃችን ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ነው፤ ከመንገዱ ዝቅ ያለች አንድ በር። ከማል ከአባቱ የተማረው የቆዳ ጫማ መስፋት ነው። ኋላ የከተማው ሯጮች ሲበዙ የሩጫ ጫማ ማደስ ጀመረ። አብዛኞቹ የሚሮጡት በልባሽ ጫማ ነው። ላዩና የታች ጎማው ደህና ሆኖ መሃሉ ያለው ስፖንጅ የሞተ ይሆናል። ጎማውን በቢላ እንገነጥላለን፤ የሞተውን እናወጣለን፤ አዲሱን ቆርጠን ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እናስተካክላለን፤ ከዚያ ጫማውን የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት፣ በፎርማው ላይ አድርገን እናጣብቃለን።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በመጀመሪያው ሳምንት በሩ ላይ ቆሞ «ከማል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችውን ልጅ ሊስትሮ አደረግካት?» አለ።

ከማል ቀና እንኳ ሳይል «አንተ የዚያን ሰውዬ ሱሪ ጨርስለት። እስከ ዛሬ በሽርጥ ነው የሚዞረው» አለው።

አንድ ቀን የኮሌጅ ተማሪ መጣ። «ጋሼ ከማል፣ ወፍራም ያድርጉልኝ። ፍራሽ ይሁን።»

«ፍራሽ ላይ ሮጠህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ልጆቼ ሲሮጡበት አይቻለሁ። ቶሎ ነው የሚደክሙት።» ከዚያ አስረዳው። ስፖንጁ ደረቅ ከሆነ መሬቱ ይመታሃል፤ ምቱን ባትህና ጭንህ ይቀበሉታል። ሲበዛ ከለሰለሰ ደግሞ እግርህ ይሰምጣል፤ ባትህ በየርምጃው ሊያወጣው ይለፋል። ተማሪው ሰምቶ ሲያበቃ «ግን ወፍራሙ ያምራል» አለ። ያማረውን ይዞ ሄደ። ከከተማ የሚያስወጣውን የደዶን መንገድ ሮጦበት ሲመለስ እያነከሰ ነበር፤ ራሱ ቀድሞ ሳቀ።

ከማል ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ሞተ። አላህ ይርሀመው። የሐዘን ጊዜዬን፣ ኢዳዬን ጨርሼ ሱቁን ስከፍት ፎርማዎቹ እሱ በደረደራቸው ቅደም ተከተል ነበሩ። አልነካኋቸውም፤ ለሥራውም ይመቻል።

ብቻዬን ከሠራሁት የመጀመሪያው የሰሚራ ጫማ ነው። ሰሚራ የአጋሮ ልጅ ናት፤ እዚህ ጅማ ያለ የሩጫ ክለብ እየሞከራት ነበር። አሰልጣኙ በምርጫው ውድድር የመጨረሻው ዙር ላይ እንደ ልማዷ ከተጎተተች እንደማይቀበላት ነግሯታል።

«እትዬ ዘይነባ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ባቴ ድንጋይ ይሆንብኛል» አለችኝ።

ስፖንጁን ተጫንኩት፤ እንጨት ነው። ቀየርኩላት። ብዙም ሳይቆይ እንጨት ሆኖ ተመለሰ። ከሌላ ነጋዴ ገዝቼ ደግሜ ቀየርኩ፤ እንደዚያው ሆነ። ከማል ቢኖር ያውቀው ነበር እያልኩ ጣቴን መጠራጠር ጀመርኩ።

አሰልጣኙ ራሱ ሱቅ ድረስ መጣ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት። እስከ መጨረሻው ዙር ከሁሉም ጋር ናት፤ ከዚያ እግሯ ይታሰራል። ጫማው ይሁን ልምምዱ አላወቅኩም።»

«እኔም አላወቅኩም።»

«አጋሮ ሄደው የምትሮጥበትን ቢያዩትስ? ምርጫው ደርሷል።»

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሰሚራ እናት አቅፈውኝ «አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ» አሉኝና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ፤ የቡና ወቅት ስለሆነ ሥራ ላይ ነበሩ። ቀዩ ቡና ማድረቂያው የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። መሃሉ ላይ የሰሚራ ጫማ ሶሉ ወደ ፀሐይ ተገልብጦ ተቀምጧል። እናትየዋ ቡናውን ያገላብጣሉ፤ ጫማው ጋ ሲደርሱ እሱንም ያገላብጣሉ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«ጭቃ ሆኖ ሲመጣ አጥቤ አሰጣዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ። ቡና የሚያደርቅ ፀሐይ ጫማ ያቅተዋል?»

አነሳሁት። ይፋጃል። ብጫነው አይወርድም። ከማል ከሞተ ወዲህ ያን ያህል ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምን ያስቃል?»

«ጫማውን እኮ ጠብሰውታል! ስፖንጁን እንጨት ያደረገው ፀሐዩ ነው!»

«ዋ! እኔ ልጄን የማግዝ መስሎኝ!»

ሰሚራ ከበሩ ላይ «እማ፣ ለካ በየቀኑ ባቴን ስትቆዪው ነበር!» ብላ ጮኸች።

ስፖንጁን እንደገና ቀየርኩ፤ መካከለኛውን አደረግኩላት። ጫማው ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ነፋስ ባለው ጥላ እንዲያቆሙት ለእናትየዋ አደራ አልኩ። አሰልጣኙ ከውድድሩ በፊት በልምምድ እንድትለምደው አደረገ።

የምርጫው ዕለት ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። የመጨረሻው ዙር ሲደወል ሁለት ልጆች አለፏት። ዓይኔን ልጨፍን ፈለግኩ። መታጠፊያው ላይ አንዷን መልሳ ያዘቻት፤ እየተናነቁ መጡና ሰሚራ በደረት ቀደመች። አራተኛ ሆነች። ክለቡ የሚወስደው እስከ አራተኛ ነበር።

«ባትሽስ?» አልኳት።

«ሞቷል፣ እትዬ። ግን አልታሰረም።»

ጫማው ሮጠላት አልልም፤ የሮጠችው እሷ ናት። ደህና ስፖንጅ ያለጊዜው የሚመጣውን ድካም ያዘገያል፤ ከዚያ በላይ አይሠራም።

ሱቁ ዛሬም ክፍት ነው፤ ሥራው ደስ ይለኛል። ይህን ሥራ ለጀመራችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ያደሳችሁት ጫማ ተበላሽቶ ሲመለስ ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት የት እንደሚደርቅ ጠይቁ።